የደም ምርመራ ወረቀት እንዴት ይነበባል?

የክረምቱ ዝናብ አባርቶ የመስከረም ፀሐይ ብቅ ባለ ጊዜ፣ በወሩ በ16ኛው ቀን ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ደመራውን ለማየት ወደ መስቀል አደባባይ ይጎርፋል። ከቂርቆስና ከካዛንቺስ በእግሩ የሚመጣው፣ ከሩቅ ሰፈር በባቡርና በአውቶቡስ የሚደርሰው፣ ከየክፍለ ሀገሩ ለበዓሉ የገባው እንግዳ ሁሉ በአንድነት ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆማል። ደስታው የሁሉም ነው። ዳሩ ግን ይኸው ወራት ትኩሳት የያዘው ሕመምተኛ በየጤና ጣቢያው በር የሚሰለፍበትም ወራት ነው። ክረምቱን በጠባብ ቤት ተፋፍጎ የከረመው፣ ልብሱን አጥቦ የሚያሰጣበት ፀሐይ ያጣው፣ ጎርፍ የገባበትን ውኃ የጠጣው፣ ወይም ከቆላ አገር የተመለሰው ሰው፣ እያንዳንዱ በየምክንያቱ ልዩ ልዩ ዓይነት ትኩሳት ይዞ ይመጣል።

ከእነዚህም ሕመምተኞች ብዙዎቹ ደማቸውን ከሰጡ በኋላ አንዲት ትንሽ ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። በወረቀቲቱም ላይ «ዊዳል፤ ኦ 1፡160፣ ኤች 1፡80። ዌይል ፌሊክስ፤ ኦ ኤክስ 19 1፡80» የሚል ወይም ይህን የመሰለ ቃል ተጽፎባታል። ሕመምተኛውም ወረቀቱን ተመልክቶ «ታይፎይድና ታይፈስ ሁለቱም ተገኙብኝ» ብሎ ለቤተ ሰቡ ይናገራል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜና አራት ጊዜ እንዲህ የተባለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ አይታጣም። «የእኔ ታይፎይድስ ከደሜ አልወጣ አለ» የሚለውም ብዙ ነው።

ለመሆኑ፣ ሁለት ከባድ በሽታዎች፣ አንደኛው በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ሁለተኛው በልብስ ቅማል የሚተላለፉ ሲሆኑ፣ ባንድ ቀን ባንድ ሰው ላይ ይህን ያህል ደጋግመው ይገጣጠማሉን? ወይስ ወረቀቲቱ የምትናገረው ሌላ፣ እኛ የምንሰማው ሌላ ነው? በዚህ ወር ጽሑፋችን ይህን ጉዳይ መርምረን፣ የደም ምርመራ ውጤት ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ለመምህራንና ለከተማው ነዋሪዎች ለመግለጽ አስበናል።

ደም የሚሰጠው ሁለት ዓይነት ምስክርነት

በፍርድ ቤት የዓይን ምስክር አለ፤ የዱካ ምስክርም አለ። ሌባውን ከበረቱ ሲወጣ ያየ ሰው የዓይን ምስክር ነው። ሌባውን ሳያይ በደጁ ላይ የእግር ዱካ ያገኘ ሰው ደግሞ «አንድ ሰው በዚህ አልፏል» ከማለት በቀር፣ ያ ሰው ማን እንደ ሆነና መቼ እንዳለፈ በርግጥ ለመናገር አይችልም። የላቦራቶሪ ምርመራም እንደዚሁ በሁለት ይከፈላል።

አንደኛው ዓይነት ምርመራ በሽታ አምጪውን ተሐዋስ ራሱን ይፈልጋል። የወባ ደም በመስተዋት ላይ ተቀብቶ፣ ቀለም ጠጥቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ተሐዋሱ ራሱ ይታያል። እንዲሁም የሕመምተኛው ደም ለተሐዋስያን በሚስማማ ምግብ ውስጥ ተጨምሮ ለጥቂት ቀናት በሙቀት ሲቀመጥ፣ በደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ተራብቶ ይገኛል። ይህም የደም ካልቸር ይባላል። እነዚህ የዓይን ምስክሮች ናቸው።

ሁለተኛው ዓይነት ምርመራ ግን የሚፈልገው ዱካውን ነው። ተሐዋስ ወደ ሰውነታችን በገባ ጊዜ ደማችን እርሱን የሚዋጋ መከላከያ ያዘጋጃል። ሐኪሞች ይህን መከላከያ አንቲቦዲ ብለው ይጠሩታል። አንቲቦዲ ተሐዋሱ እንደ ገባ ወዲያው አይገኝም፤ ለመዘጋጀት ቀናትና ሳምንታት ይፈጅበታል። ተሐዋሱ ከጠፋም በኋላ ወዲያው አይጠፋም። የሰፈር ዘበኛ ሌባው ከሸሸ በኋላ ዱላውን እንደ ጨበጠ እንደሚያድር፣ አንቲቦዲም ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። ከዚህም በላይ ዘበኛ በጨለማ ጎረቤቱን ሌባ መስሎት ዱላ እንደሚያነሣ፣ አንቲቦዲም የአንዱን ተሐዋስ ዘመድ ወይም አምሳያ ከሌላው ለይቶ ላያውቅ ይችላል።

ከላይ የጠቀስናቸው ዊዳልና ዌይል ፌሊክስ ሁለቱም ከዱካ ምስክሮች ወገን ናቸው።

ሁለቱ ምርመራዎች ከየት መጡ?

የዊዳል ምርመራ ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከፌርናንድ ዊዳል ነው። ይህ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1896 ዓ.ም. የታይፎይድ ሕመምተኛ የደም ውኃ ከታይፎይድ ባክቴሪያ ጋር በተቀላቀለ ጊዜ፣ ባክቴሪያዎቹ እንደ ተበላሸ ወተት እየተቋጠሩ እንደሚሰበሰቡ በመመልከት የበሽታው መለያ አደረገው። ዘዴው በዘመኑ ታላቅ ግኝት ነበረ።

ዌይል ፌሊክስ ደግሞ የተገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1916 ዓ.ም. ገደማ፣ ኤድሙንድ ዌይልና አርተር ፌሊክስ በሚባሉ ሁለት ሊቃውንት ነው። በዚያ ጦርነት ታይፈስ፣ የእኛ ሰው ተስቦ የሚለው በሽታ፣ ወታደሩንም ስደተኛውንም ይፈጅ ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት የተስቦ ሕመምተኛ የደም ውኃ ፕሮቴውስ የተባለውን ባክቴሪያ እንደሚያቋጥር አስተዋሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ፕሮቴውስ የተስቦ መንሥኤ አይደለም። የተስቦ መንሥኤ ሪኬትሲያ የምትባል ሌላ ተሐዋስ ናት። ፕሮቴውስ በአጋጣሚ ከእርስዋ ጋር የሚመሳሰል ነገር በገላው ላይ ስላለው ብቻ ነው ደሙ በስሕተት የሚያቋጥረው። ስለዚህ ዌይል ፌሊክስ የዱካ ምስክር ብቻ ሳይሆን፣ ዱካውንም የሚለካው በሌላ ሰው ጫማ ነው። ፕሮቴውስ ራሱ የሽንት ቧንቧን የሚያቆስል የተለመደ ተሐዋስ በመሆኑም፣ የሽንት ሕመም የነበረበት ሰው ተስቦ ሳይዘው ምርመራው ሊያቋጥርበት ይችላል።

ቁጥሮቹ ምን ማለት ናቸው?

1፡160 ማለት በሽታው 160 ደረጃ ከፍ ብሏል ማለት አይደለም። የላቦራቶሪው ባለ ሙያ የደሙን ውኃ በጨው ውኃ እያቀጠነ፣ በመጀመሪያ አንዱን እጅ 20፣ ቀጥሎ 40፣ ከዚያም 80፣ 160፣ 320 እያደረገ ይፈትነዋል። ማቋጠሩ እስከ የትኛው ቅጥነት ድረስ እንደ ታየ ያ ቁጥር ይጻፋል። እንግዲህ 1፡160 የሚለው ቃል አንዱ እጅ የደም ውኃ በጠቅላላው 160 እጅ እስኪሆን ቀጥኖ ገና ያቋጥራል ማለት ነው። ቁጥሩ የሚለካው የአንቲቦዲውን ብዛት ነው እንጂ የተሐዋሱን ብዛት አይደለም፤ የሕመሙንም ክብደት አይደለም።

ኦ እና ኤች የተባሉት የባክቴሪያው ሁለት ክፍሎች ናቸው። ኦ የገላው ልባስ ነው፤ ኤች ባክቴሪያው የሚዋኝበት ጭራው ነው። በጠቅላላው አነጋገር የኦ አንቲቦዲ ቀድሞ ይወጣል፣ ቀድሞም ይወርዳል። የኤች ዘግይቶ ይወጣል፣ ረዥም ጊዜም ይቆያል። ስለዚህ ኤች ብቻውን ከፍ ብሎ መገኘቱ ብዙ ጊዜ ያለፈ በሽታ ወይም ያለፈ ክትባት ምልክት ነው።

ምርመራው በአሁኑ ጊዜ በብዙ ቦታ የሚደረገው በሰሌዳ ላይ ነው። የደሙ ውኃ አንድ ጠብታ ቀለም ካለው የባክቴሪያ ፈሳሽ ጠብታ ጋር ተቀላቅሎ ጥቂት ከተወዘወዘ በኋላ በዓይን ይታያል። ፈጣንና ርካሽ ነው። ዳሩ ግን ጥቂት ዘግይቶ ያየውና ቶሎ ያየው ባለ ሙያ አንዱን ሰሌዳ በልዩ ልዩ መንገድ ሊያነቡት ይችላሉ። በጠርሙስ ቱቦ አድሮ የሚነበበው ዘዴ ከዚህ ይልቅ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ጊዜ ይፈልጋል።

በመጻሕፍቱ የታዘዘው ትክክለኛ አጠቃቀም ደሙን ሁለት ጊዜ መመርመር ነው፤ አንድ ጊዜ በሕመሙ መጀመሪያ፣ ሁለተኛ ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ። ቁጥሩ በአራት እጥፍ ከፍ ቢል፣ ለምሳሌ ከ1፡80 ወደ 1፡320 ቢደርስ፣ ሰውነት አሁን ከአዲስ ተሐዋስ ጋር እየታገለ ለመሆኑ ጥሩ ማስረጃ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ተወስዶ የተገኘ ቁጥር ግን ይህን ሊነግረን አይችልም። በሥራ ላይ የምናየው ደግሞ በአብዛኛው ይኸው አንድ ጊዜ ብቻ የሚደረገው ምርመራ ነው።

በአደባባዩ ደረጃዎች ላይ የተቀመጡ አንድ ሺህ ሰዎች

መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያስረዱት የሚችሉትን አንድ የሒሳብ ምሳሌ እናቅርብ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ እኛው የመረጥናቸው ናቸው እንጂ ከተማው ተቆጥሮ የተገኙ አይደሉም።

በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ትኩሳት ያለባቸው 1,000 ሰዎች ተቀምጠዋል እንበል። ከእነዚህ መካከል ታይፎይድ በእውነት የያዛቸው 20 ናቸው፤ የቀሩት 980 ትኩሳታቸው ከጉንፋን፣ ከወባ፣ ከሳንባ ምች፣ ከሽንት ሕመምና ከሌላም የመጣ ነው። ምርመራው ከ20ዎቹ እውነተኛ ሕመምተኞች 16ቱን ያገኛል፣ ታይፎይድ ከሌለባቸውም ከየመቶው 15ቱን በስሕተት «ፖዘቲቭ» ይላል እንበል።

ከ980ዎቹ በስሕተት ፖዘቲቭ የሚባሉት 147 ይሆናሉ። ከ16ቱ ጋር ሲደመሩ 163 ሰዎች «ታይፎይድ አለብህ» የሚል ወረቀት ይዘው ከደረጃው ይወርዳሉ። ከእነዚህ ውስጥ በሽታው በእውነት ያለባቸው 16 ብቻ ናቸው፤ ማለትም ከአሥሩ አንዱ ገደማ። አራት እውነተኛ የታይፎይድ ሕመምተኞች ደግሞ «የለብህም» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

አሁን ነገሩን እንለውጠው። የውኃ ቧንቧ ፈርሶ በአንድ ሰፈር ታይፎይድ ገብቷል፣ ከ1,000ዎቹም 200ው በእውነት ታመዋል እንበል። ያው ምርመራ 160ውን ያገኛል፤ ከቀሩት 800ም 120ውን በስሕተት ይጨምራል። አሁን ፖዘቲቭ ከሆኑት 280 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት በእውነት የታመሙ ናቸው።

ምርመራው አልተለወጠም፤ ወረቀቱም ያው ነው። የተለወጠው ሰው ከመመርመሩ በፊት በሽታው ሊኖርበት የሚችልበት መጠን ነው። እንግዲህ ሐኪም «ከየት መጣህ? ምን ጠጣህ? ከስንት ቀን ጀመረህ?» ብሎ የሚጠይቀው ለወሬ አይደለም። የወረቀቱ ትርጉም ግማሹ ያለው በዚህ ጥያቄ መልስ ውስጥ ነው።

በውጭ አገርም ይኸው ችግር አለ

በውጭ አገር ዘመድ ያላቸው አንባቢዎቻችን ላይም የተባለውን በሽታ ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። ላይም በአሜሪካ በኮኔቲከት ግዛት የምትገኝ ከተማ ናት። በዚያ አካባቢ በ1975 ዓ.ም. ብዙ ልጆች መገጣጠሚያቸው እያበጠ መታመማቸው ሐኪሞችን አስገረመ፤ በ1982 ዓ.ም. ዊሊ በርግዶርፈር የተባለው ሊቅ የበሽታው መንሥኤ በመዥገር ሆድ ውስጥ የሚኖር ጠመዝማዛ ባክቴሪያ መሆኑን አስታወቀ። ባክቴሪያው በእርሱ ስም ቦሬሊያ በርግዶርፈሪ ተባለ።

ላይም የሰሜን አሜሪካ፣ የአውሮፓና የእስያ ቀዝቃዛ ደኖች በሽታ ነው። ለእኛ የሚጠቅመን የምርመራው ታሪክ ነው። የላይም የደም ምርመራ እንደ ዊዳል አንቲቦዲን የሚፈልግ ሲሆን፣ አንድ ምርመራ ብቻውን ብዙ ጤነኞችን በስሕተት ሕመምተኛ ስለሚያደርግ፣ በአሜሪካ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ደረጃ እንዲደረግ ተወሰነ። የመጀመሪያው አጠራጣሪ ወይም ፖዘቲቭ ከሆነ ብቻ ሁለተኛው ይከተላል። ሁለቱም ካልተስማሙ ውጤቱ ፖዘቲቭ አይባልም። ከዚህ ሌላ፣ መዥገር ነክሶት በቆዳው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ የወጣበት ሰው ደሙ እስኪመረመር አይጠበቅም። በዚያን ጊዜ አንቲቦዲው ገና ስላልተዘጋጀ ምርመራው «የለም» ብሎ ሊያሳስት ይችላልና፣ ሐኪሙ ምልክቱን አይቶ ያክመዋል። ከዳነም በኋላ አንቲቦዲው ለዓመታት ስለሚቆይ፣ መዳኑን ለማወቅ ተብሎ ምርመራው አይደገምም።

በአገራችን የኤች አይ ቪ ምርመራም የሚሠራው በዚሁ ጥበብ ነው። በአንድ መሣሪያ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ውጤቱ የሚነገረው ሌላ ዓይነት መሣሪያ ካረጋገጠው በኋላ ነው። ለኤች አይ ቪ የምናደርገውን ጥንቃቄ ለትኩሳት ምርመራ የምንነፍግበት ምክንያት የለም።

በላይም ታሪክ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ የተለየ ትምህርትም አለ። የላይም ባክቴሪያ በአገራችን ዘመድ አለው፤ እርሱም የግርሻ ትኩሳት መንሥኤ የሆነው ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ነው። ሁለቱ ስለሚመሳሰሉ ግርሻ ትኩሳት የያዘው ሰው ደም በላይም ምርመራ ላይ በስሕተት ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። እንዲሁም የግርሻ ትኩሳት ሕመምተኛ ደም ዌይል ፌሊክስ ኦ ኤክስ ኬ በተባለው ላይ ሊያቋጥር ይችላል። ስለዚህ በውጭ አገር ያለ ወገናችን ለሐኪሙ ከየት አገር እንደ መጣና ቀድሞ ምን እንደ ታመመ መንገር ይገባዋል።

በዓይን ምስክር የሚያዝ በሽታ፤ ግርሻ ትኩሳት

ግርሻ ትኩሳት በድንገት ይጀምራል። ብርድ ብርድ ይላል፣ ራስ ይፈልጣል፣ ጡንቻና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፤ አንዳንዱን ያነስረዋል፣ አንዳንዱንም ዓይኑን ቢጫ ያደርገዋል። ትኩሳቱ አምስትና ስድስት ቀን ያህል ቆይቶ ይለቃል። ሕመምተኛውም «ዳንሁ» ሲል ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሽበታል። ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። ሳይታከም ከቀረ ከ100 ሕመምተኞች ከ10 እስከ 40 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን የሚሞተው ጥቂት ነው።

ይህን ተሐዋስ ጀርመናዊው ሐኪም ኦቶ ኦበርማየር በሕመምተኛ ደም ውስጥ ማየቱን በ1873 ዓ.ም. አስታውቋል። ዛሬም በጤና ጣቢያ ያለ ተራ ማይክሮስኮፕ ያሳየዋል። ቀጭንና ጠመዝማዛ ሆኖ በቀይ የደም ሕዋሳት መካከል ይገኛል። ለግርሻ ትኩሳት ታማኙ ምርመራ ይኸው በመስተዋት የተቀባ ደም ነው። ነገር ግን ይህም የዓይን ምስክር ጊዜ አለው። ተሐዋሱ በደም ውስጥ የሚበዛው ትኩሳቱ በሚነድበት ሰዓት ነው፤ ትኩሳቱ በለቀቀበት ቀን የተወሰደ ደም ባዶ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ «ምንም አልተገኘም» የሚለው ወረቀት ደሙ በየትኛው ቀን እንደ ተወሰደ ካልታወቀ ሙሉ ትርጉም የለውም።

አሳሳቢው ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ሕመምተኛ ወደ ሕክምና በሄደ ጊዜ ደሙ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ዊዳል ብቻ ተደርጎለት ፖዘቲቭ ቢባል፣ የታይፎይድ መድኃኒት ይዞ ወደ መኝታው ይመለሳል። በሽታው ግን ሥራውን ይቀጥላል፤ ቅማሉም ወደ ጎረቤቱ ይሻገራል። የወባ ሕመምተኛም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተሠራች፣ የከተማው ሰው ወባን ይረሳዋል። ዳሩ ግን ከአዋሽ ሸለቆ፣ ከጋምቤላ ወይም ከመተማ ተመልሶ ትኩሳት የያዘው ሰው ወባ ሊሆንበት ይችላልና ሳይውል ሳያድር ደሙ ሊታይ ይገባል። በስሕተት የተነበበ አንድ ወረቀት የሚያስከትለው ጉዳት የገንዘብ ብቻ አይደለም፤ እውነተኛውን በሽታ ይሸፍነዋል። ያለ አስፈላጊነቱ የተወሰደ አንቲባዮቲክም ተሐዋስያኑን መድኃኒት ያለምዳቸዋል፤ በሚያስፈልገንም ቀን አይሠራልንም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የግርሻ ትኩሳት መድኃኒት በተሰጠ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ሕመምተኛው በብርቱ ሊንቀጠቀጥ፣ ትኩሳቱ ሊንር፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ይህም የሚሆነው ተሐዋስያኑ ባንድ ጊዜ ሲያልቁ ነው። በአገራችን በ62 ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ በ1970 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመው ጥናት ስለዚህ በሽታ በዓለም ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመድኃኒት መደብር ገዝቶ በቤት መዋጥ አይገባም፤ በሐኪም ዓይን ሥር መሆን አለበት።

በሽታው ያለፈ ዘመን ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ካለ፣ በ2015 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከአፍሪካ ቀንድ ተነሥተው አውሮፓ በደረሱ ስደተኞች ላይ መገኘቱን ያስታውስ። በደች፣ በጀርመን፣ በስዊስና በኢጣልያ ያሉ ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ ያዩትን ጠመዝማዛ ተሐዋስ ብዙዎቹ ቀድሞ የሚያውቁት ከመጽሐፍ ብቻ ነበር።

ወረቀቱን ይዘው ለሐኪምዎ ምን ይጠይቁ?

ሐኪምን መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ጥያቄውን የደበቀም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን በትሕትና መጠየቅ ይገባል።

1ኛ፤ «ይህ ምርመራ ተሐዋሱን ራሱን ያየ ነው ወይስ አንቲቦዲውን?»

2ኛ፤ «ሕመሜ በጀመረ በስንተኛው ቀን የተወሰደ ደም ነው? ውጤቱስ ለዚህ ቀን ይታመናልን?» በታይፎይድ ሕመም የደም ካልቸር የሚሻለው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ዊዳል የሚፈልገው አንቲቦዲ ግን ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት አይወጣም።

3ኛ፤ «ደሜ ለወባና ለግርሻ ትኩሳት በማይክሮስኮፕ ታይቷልን?»

4ኛ፤ «መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት የደም ካልቸር ለማድረግ ይቻላልን?» አንቲባዮቲክ ከተጀመረ በኋላ ካልቸር ባዶ የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ካልቸርም ቢሆን ሁሉን አያገኝም፤ ባዶ መሆኑ ብቻውን በሽታው የለም ለማለት አያበቃም።

5ኛ፤ «ምልክቶቼና የደረስሁባቸው ቦታዎች ከዚህ ውጤት ጋር ይስማማሉን?»

ከሁሉ በላይ ግን ሕመምተኛው ራሱ የሚከተሉትን ሳይጠየቅ መናገር አለበት፦ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ ለቅቆት እንደ ሆነና መቼ እንዳገረሸበት፣ ባለፈው አንድ ወር የሄደበትን አገር፣ የወሰደውን መድኃኒት ሁሉ፣ ቀድሞ የተከተበውን ክትባት። «ከዳንሁ በኋላ እንደገና ልመርመር» ብሎ ዊዳል ማስደገምም ጥቅም የለውም። ቁጥሩ ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ የዳነው ሰው አልዳንሁም እያለ ይጨነቃል። «ታይፎይዴ አይለቅም» የሚለው ብዙ ሰው የሚታገለው ከበሽታው ጋር ሳይሆን ከቁጥሩ ጋር ነው።

ይህን ስንል ግን ትኩሳት ያለበት ሰው ምርመራውን ንቆ በቤቱ ይተኛ ማለታችን አይደለም። ታይፎይድም ተስቦም በእውነት አሉ፣ በእውነትም ይገድላሉ። ለብዙ ቀን የሚዘልቅ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የዓይን ቢጫነት፣ ነስር፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ ወይም የማይቋረጥ ትውከት ያለበት ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ከወረቀቱ በፊት የሚመጣው ሥራ

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ምርመራ ቢሆንም፣ ሦስቱም በሽታዎች ሳይመጡ መከልከል ይቻላል። ታይፎይድ በሰገራ በተበከለ ውኃና ምግብ ስለሚተላለፍ፣ ውኃን አፍልቶ ወይም በመድኃኒት አክሞ መጠጣት፣ ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ምግብ ከማዘጋጀት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ጥሬ አትክልትን በንጹሕ ውኃ ማጠብ ይገባል።

ተስቦና ግርሻ ትኩሳትን የሚያመላልሰው በልብስ ስፌት ውስጥ የሚኖረው ቅማል ነው። ቻርልስ ኒኮል የተባለው ሊቅ ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ በ1909 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቱኒስ አስረድቶ በ1928 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ቅማል የሞቀውን የሕመምተኛ ገላ ትቶ ወደ ሌላ ሰው ይሸሻል፤ በሽታው ተጠጋግቶ በሚያድር ሰው መካከል ቶሎ የሚዛመተውም ስለዚህ ነው። የግርሻ ትኩሳት ተሐዋስ ወደ ሰው የሚገባው ቅማሉ በገላ ላይ ሲፈርጥ ስለ ሆነ፣ ቅማልን በጥፍር መግደልና ገላን ማከክ አደገኛ ነው። ልብስንና አንሶላን በፈላ ውኃ ማጠብ፣ ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ፣ መታጠብ የማይቻለውንም በፌስታል አጥብቆ አስሮ ሁለት ሳምንት ማቆየት ቅማሉንና እንቁላሉን ያጠፋዋል።

መምህራን በዚህ ረገድ ከሐኪም የማይተናነስ ሥራ ለመሥራት ይችላሉ። ቅማል የተገኘበትን ተማሪ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር ልጁ በሽታውን እንዲደብቅ ከማድረግ በቀር አይረዳም። ወላጆቹን ለብቻ ጠርቶ መምከር፣ ትኩሳት ያለበትንም ልጅ ከነታሪኩ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይበልጣል። ልጁ ከየት እንደ መጣ፣ ትኩሳቱ መቼ እንደ ጀመረ፣ ለቅቆት እንደ ነበረ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፎ መስጠት ታላቅ እርዳታ ነው። ያቺ የመምህሩ ወረቀት ከላቦራቶሪው ወረቀት ጋር አብራ ስትነበብ፣ ሐኪሙ ትክክለኛውን መድኃኒት በጊዜው ለማዘዝ ይችላል።